12 ሜጋፒክስል ፎቶ ሲታተም ለምን ደበዘዘ?

ጥያቄ፦ እናቴን በ12 ሜጋፒክስል ስልክ አንስቼ ፎቶዋን ለወንድሜ በቻት ላክሁለት። በትልቁ አሳትሞ ሲያመጣው ፊቷ ብዥ ብሏል። ስልኬ ላይ ግን ጥርት ያለ ነው። ሜጋፒክስሉ ውሸት ነው እንዴ?

መልስ 1፦ ኧረ አይደለም። 4000 በ3000 ነጥብ ነው፤ አባዛው፣ 12 ሚሊዮን ይመጣል። ወንድምህ ጋ የደረሰውስ ስንት በስንት ነው?

ጠያቂው፦ 1280 በ960።

መልስ 1፦ በቃ ተገኘ! ቻቱ ወደ 1.2 ሜጋፒክስል አሳንሶታል። ለጥራት በኢንች 300 ነጥብ ከያዝን፣ ይሄ ከ11 ሳንቲሜትር ወርድ አያልፍም። ዋናው ግን ወደ 34 ይሄዳል። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክለት።

መልስ 2፦ ትንሹን በሶፍትዌር ማሳደግ እንዳታስብ። ሞክሬዋለሁ፤ የጠፋ የቅንድብ ፀጉር አይመለስም።

ጠያቂው፦ ዋናውን ላክሁ። እናቴ ግን የደበዘዘውን ወዳዋለች። የፊቴ መጨማደድ አይታይበትም አለች።