ምስጋና ልጽፍ ስል ናፍቆት ይሆንብኛል፤ እናንተስ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ፎቶ ኮፒው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ማታ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። አንዱ ግጥም ሦስት ወር ሙሉ አስቸግሮኛል።

እናቴ ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። ማገዶ የሚያመጡልን ከዘጌ በታንኳ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ ነበር የምንላቸው። ብር ያጠራት ቀን «ስትሸጪ ትሰጪኛለሽ» ይሏትና ፍልጡን አራግፈው ይሄዳሉ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ስንቱን እንደከፈለች፣ ስንቱ እንደቀረ አላውቅም።

የኔ ሥራ ታንኳውን ማቆም ነበር። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ ጭነቱ እንደተራገፈ ከአባባ ጋር ጎትተን ዋርካው ላይ እናስደግፈዋለን። ውሃው ከሥሩ ጠብ ጠብ ሲል እስካሁን ይሰማኛል። ሽታውም አለ፣ የእርጥብ ሣርና የአሳ።

እኚህን ሰው ማመስገን እፈልጋለሁ። ብዕር ሳነሳ ግን የጠዋቱ ጉም፣ ሐይቁ፣ ልጅነቴ ይመጡና አባባ ይጠፉብኛል። ስጨርስ ስለ ራሴ ጽፌ አገኘዋለሁ። ይሄ ያሳፍረኛል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የዋሸራው

ወንድሜ፣ ዋሸራ ቅኔ ስማር የገባኝን ልንገርህ። በግዕዝ «ናፈቀ» መጠራጠር፣ መከፈል ነው። መናፍቅ የሚለውም ከዚያው የወጣ ነው። የናፈቀ ሰው ልቡ ሁለት ቦታ ነው ማለት ነው። አንተ ዋርካው ሥርም ነህ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትም ነህ። ስለዚህ ግጥሙ ቢከፈልብህ አይግረምህ።

አንድ ነገር ሞክር። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። አንተም በአማርኛ በሁለት ስንኝ ጨርሰው። ሁለት ስንኝ ውስጥ ጉሙም ሐይቁም አይገባም። አባባን ብቻ ነው የሚይዝልህ። እናትህ ያለችውን ደግሞ አትናቀው። «እግዜር ይስጥልኝ» ያለ ሰው እኔ መክፈል አልችልም፣ እሱ ይክፈልልኝ እያለ ነው። ምስጋናው እዚያ ውስጥ አለ።

ቀለምና ብራና

እኔ ሠዓሊ ነኝ። ስለ ራሴ ጽፌ አገኘዋለሁ ያልከው ነገር ነው የያዘኝ። ደቅ ደሴት ሄደህ ናርጋ ሥላሴን አይተሃል? ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሥለዋል። ግን የት? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ወድቀው። ንግሥት ናቸው፣ ከሥዕሉ አልወጡም፤ ቦታቸውን ግን ያውቃሉ። አንተም ራስህን ከግጥሙ አታውጣ። ታንኳውን የሚደግፈው ልጅ ሁን፣ ከሥር።

የዘጌ ልጅ

የዘጌ ሴት ነኝ። ግጥም አልጽፍም፣ ማንበብ ግን እወዳለሁ። ሰውየው በሕይወት አሉ? ጠይቀሃል? እኛ ጋ ሰው አይጠፋም። መሬታችን በበሬ አይታረስም፣ ኑሯችን ቡናውና ጫካው ነው፤ ማን የማን አባት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለማገዶ በታንኳ ይመላለሱ የነበሩ ሽማግሌዎችን ስትጠይቅ ስም ይነግሩሃል። ግጥሙን ለጊዜው ተወውና ና። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ወር ከመጻፍ ይቀላል።

ፎቶ ኮፒው ልጅ (ጠያቂ)

እህቴ፣ ሰምቼሽ እሑድ ሄድኩ። አባባ አርፈዋል። ልጃቸውን አገኘኋት፣ ቡና አፈላችልኝ። የእናቴን ነገር ስነግራት «እንጀራ ጋጋሪዋ?» አለች። ለካ እሳቸውም ቤታቸው ገብተው ያወሩላት ነበር። ዕዳ መኖሩን ግን አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷም ዝም ብላ ስኒዬን ሞላችልኝ።

በጀልባ ስመለስ ሁለት ስንኝ መጣልኝ። የዋሸራው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሠዓሊው አንተም። ልጁን ከሥር ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ።

የእርስዎ ታንኳ ርሶ፣ የእኛ ምድጃ ነዶ፣
እኛማ ተሻገርን፣ እርስዎ ቀሩ ማዶ።

አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ። መጨረሻው ላይ «ቀሩ» ብዬ ልተወው ወይስ «አሉ» ልበለው? ለልጃቸው ጽፌ ልልክላት ነው፤ እስከ ቅዳሜ ብትነግሩኝ።