ካርዲናል ቴትራዎቼ እያለቁብኝ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የማክዳ እናት፦ በናታችሁ የምታውቁ ድረሱልኝ። 14 ካርዲናል ቴትራ የሚባሉ ትንንሽ የገንዳ ዓሣዎች ነበሩኝ፣ ዛሬ ማታ ብቻ 4 ሞቱ። የቀሩት ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ቀለማቸው ደብዝዟል። ሁሌ ተያይዘው ነበር የሚዋኙት፣ አሁን እያንዳንዱ በየጥጉ ተወሽቋል። ሱቁ የታመመ ዓሣ ነው የሸጠልኝ። ምን መድኃኒት ልግዛ? ልጄ እያለቀሰች ነው።

ዓሣ ወዳድ፦ የኒዮን በሽታ ነው፣ እንደነዚህ ያሉ ትንንሽ ዓሣዎችን የሚይዝ። መድኃኒት የለውም። የታመሙትን ቶሎ ለይያቸው።

ባለ ሪዮ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የያዝሽውን እወቂ። ካርዲናል ኒዮን ከሚባለው ዘመዱ ይለያል፣ ቀዩ መስመር ከጭንቅላቱ አካባቢ እስከ ጭራው ይሄዳል፣ የኒዮን ግን ከወገቡ ነው የሚጀምረው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የሪዮ ኔግሮና የላይኛው ኦሪኖኮ ወንዞች ናቸው። ብራዚል ውስጥ ባርሴሎስ የምትባል ከተማ አለች፣ እዚያ ፒያቤይሮ የሚባሉ አጥማጆች በታንኳ ጫካ ውስጥ እየገቡ ይይዙታል፣ ኑሯቸው በዚህ ትንሽ ዓሣ ነው። ውሃው ቅጠል ስለሚዘፈዘፍበት ቀይ ሻይ ይመስላል፣ ለስላሳና አሲድ የበዛበት ነው።

ሳሚ ቦሌ፦ ሻይ ከሆነማ ስኳር ጨምሪበት 😂 በቁም ነገር ግን፣ ውሃ ስትቀይሪ በባልዲ አሳድሪው። እኔ አዲስ አበባ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ አንድም ሞቶብኝ አያውቅም።

ነርሷ፦ ሱቁን ተይው። ዓሣዎቹን ከገዛሽ ስንት ጊዜ ሆነ? ዛሬ ምን አደረግሽ? የት አገር ነሽ?

የማክዳ እናት፦ 5 ወር። ዲሲ ነኝ። ዛሬ ምንም አላደረግኩም፣ ገንዳውን አጠብኩ እንጂ። ውሃውን በሙሉ ቀየርኩ፣ የፊልተሩን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ ጥርት አድርጌ አጠብኩት።

ነርሷ፦ በቃ እሱ ነው። 5 ወር የኖረ ዓሣ በሱቁ በሽታ በአንድ ማታ አይረግፍም። የኒዮን በሽታ ቀስ እያለ ነው የሚገድለው፣ ነጣ ያለ ነገርም ሰውነቱ ላይ ይታያል። አሁን፦ ክሎራሚንን (የቧንቧ ውሃ ማጽጃ ኬሚካል ነው፣ ዓሣ ይጎዳል) ጭምር ያጠፋል የሚል የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግዢ፣ ለገንዳው ሙሉ ውሃ የሚበቃውን ያህል ጨምሪ። የአየር ፓምፕ ካለሽ ክፈቺ፣ ከሌለሽ የፊልተሩ ውሃ ከላይ እንዲወርድ አድርጊ። ምግብ አትስጪ። የሞቱትን አውጪ። መድኃኒት አትግዢ።

ሳሚ ቦሌ፦ ውሃውን ማሳደር ይሻላል ብዬ ነበር።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ላንተ ይሠራ ይሆናል፣ ክሎሪን ሲያድር ይተናል። የዲሲ ውሃ ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ክሎራሚን አለበት፣ እሱ በማሳደር ብቻ አይለቅም። ጸደይ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፣ ያኔም ጠብታው ግድ ነው።

ዓሣ ወዳድ፦ እኔ አሁንም የኒዮን በሽታ ነው ባይ ነኝ።

ባለ ሪዮ፦ ስፖንጁስ? እዚያ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ናቸው የዓሣውን ቆሻሻ፣ አሞኒያውን ማለቴ ነው፣ የሚያጠፉት። በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ያልቃሉ። ጠብታው ክሎራሚኑን ሲሰብረውም አሞኒያ ይቀራል። ስለዚህ የአሞኒያ መለኪያ ግዢ፣ ከፍ ካለ በየቀኑ ሩቡን ብቻ በጠብታ በታከመ፣ ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ ቀይሪ። እንደገና ሙሉውን እንዳትቀይሪ! ከእንግዲህ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ እጠቢው።

የማክዳ እናት፦ ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ እየሮጥኩ ነው። አንዱ ደግሞ ተገልብጧል። መብራቱንስ ላጥፋ?

ነርሷ፦ አጥፊው፣ ይረጋጋሉ። ጨለማ ሲሆን ቀለማቸው መገርጣቱ የተለመደ ነው፣ እሱን አይተሽ አትደንግጪ። አይዞሽ፣ ጠብታውን መጀመሪያ።

ሳሚ ቦሌ፦ እህቴ፣ ነጋ እኮ። ስንቱ ተረፈ?

ነርሷ፦ የማክዳ እናት? ጠብታውን አገኘሽ?