ጥቆማ፦ የድሮ ዘመን መርማሪ ለሚወድ፣ ከፎይል ጀምሩ

አንድ ወዳጄ "ጥይት የማይበዛበት፣ ጭንቅላት የሚያሠራ ተከታታይ ጠቁመኝ" ካለኝ ወዲህ ሦስት ጀምሬያለሁ። የአንዱን አራት ክፍል፣ የሌሎቹን ሁለት ሁለት ነው ያየሁት። ገና የመጀመሪያ እይታ ነው። መጨረሻቸውን የምታውቁ አደራ፣ አፋችሁን ያዙ።

ከሦስቱ ልቤን የወሰደው "ፎይልስ ዋር" ነው። የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ ከ2002 እስከ 2015 እ.አ.አ. የታየ፣ በጠቅላላው 28 ክፍል። እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ፊልም ያህላል፤ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ። ታሪኩ የሚጀምረው በእኛ ግንቦት 1932፣ ሄስቲንግስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከባሕሩ ማዶ የሂትለር ጦር እየገፋ ነው። ፎይል የፖሊስ መርማሪ ነው፤ በጦርነቱ ልሥራ ቢል አለቆቹ "አንተ እዚሁ ቆይ" ይሉታል። ሰው በሺህ በሚያልቅበት ሰሞን አንዲት ሟች ማን ገደላት ብሎ መልፋት ምን ይረባል? ተከታታዩ ይቺን ጥያቄ አይለቃትም።

ፎይልን የሚጫወተው ማይክል ኪችን ብዙ አያወራም። ይጠይቅና ከንፈሩን ጠመም አድርጎ ዝም ይላል። ዝምታው ሲከብደው ተጠርጣሪው ራሱ መለፍለፍ ይጀምራል። አውጫጭኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው የሚመስለው።

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። ቡና እየቆላች በጎን ታያለች። የፎይልን ሹፌር፣ ሳም የምትባለዋን ልጅ ስታይ ምጣዱን ትታ ዞረች።

"ይቺ ናት የምትነዳለት? እሱ እጁ ምን ሆኖ ነው?"

"እሱ አይነዳም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምኑን አለቃ ሆነ?"

ቡናው አረረ። ገዳዩንም ሁለቴ ገምታ ሁለቴ ስታለች፤ ግን አሁን ከእኔ ብሳ "ያ ዝምተኛው ዛሬ የለም?" ትላለች።

ለጎንደሬ ደግሞ ሌላ የሚይዝ ነገር አለው። ያን ጊዜ እኛ ጣሊያን እጅ ነበርን። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነፃ ስትወጣ ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ጠብቃለች። የመጀመሪያውን ክፍል ባየሁ ማግስት ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ፖስታ ቤቱን ስመለከተው ነበር። በየቀኑ የማልፈው የጣሊያን ሕንፃ ነው። ያን ቀን ግን የፎይል መኪና ከጥጉ ብቅ የምትል መሰለኝ። እዚህስ ያኔ ሰው ሲገደል ማን ይመረምር ነበር?

ሁለተኛው "መርዶክ ሚስትሪስ" ነው። ስሙ ራሱ መርዶ አለበት። የካናዳ ነው፤ ቶሮንቶ፣ 1895 እ.አ.አ.፣ ማለት የአድዋ ዋዜማ። እኛ ሌባ ሻይ የሚባለውን ልጅ መድኃኒት አጠጥተን ሌባ በምናስፈልግበት ዘመን ሰውየው በብስክሌት እየዞረ የጣት አሻራ ያነሳል። ቀለል ያለ፣ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። እራት እየበሉ ለማየት ይመቻል፤ ከባድ ነገር ለፈለገ ግን አይሆንም።

ዴቪድ ሱሼ የሚሠራው "ፖዋሮ" ሦስተኛዬ ነው። 70 ክፍል አለው። የድሮዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ለመጀመር አይከብዱም። ሁሉ ነገር ግን እንደ ኬክ ቤት መስታወት ያብረቀርቃል። ሬሳው ሳይቀር ንጹሕ ነው። እኔን አልያዘኝም፤ እህቴ ግን ትሞትለታለች።

አሁን ወደ ማግኛው። ፍላሽ ላይ ማስጫን ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ግን ከጫኑላችሁ ቤት ሳትወጡ እዚያው ከፍታችሁ እዩ። እኔን አንዱ ቤት የኋላውን ሲዝን "አንደኛ" ብሎ ጭኖልኝ ነበር። የፎይል ረዳት ሚልነር በጦርነቱ እግሩን ማጣቱን ሳላውቅ "ይሄ ሰውዬ ለምን ያነክሳል?" ስል አመሸሁ። ደግሞ ሰብታይትሉ ከንግግሩ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ፎይል አፉን ሳይከፍት መልሱን አነበብኩ። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አልገለብጥ ካላችሁም ፍላሹ ተበላሽቷል አትበሉ፤ ፎርማቱ ፋት32 ሆኖ ነው፤ ኤክስፋት አስደርጉት።

በኢንተርኔት ለሚያይ የሌሊት ጥቅል ያዋጣል። ጥራቱን 480 ላይ አድርጉት፤ ለዚህ ዓይነቱ ወሬ የበዛበት ፊልም በቂ ነው። ዲሽን አልመክርም። ገዳዩ ሊታወቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ከሄደ ማንን ትጠይቃላችሁ? ቻርጅ ያለው ላፕቶፕ ይሻላል።

የመጨረሻዎቹን የፎይል ክፍሎች በደህና ሰብታይትል ያገኘ ካለ ይጠቁመኝ። አዘዞም ቢሆን እመጣለሁ፤ ፍላሹን ይዤ።