የካልሳይት ክሪስታል ሳይጎዳ ዝገቱን እንዴት ላስለቅቅ?

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ በግንቦት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ወደ ደጀን እየሄድን በዓባይ በረሃ አፋፍ ድንጋይ እንለቅማለን። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ በረጋው ባዛልት በሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የጋዝ አረፋ ትቶት ያለፈው ክፍተት አንዳንዴ በክሪስታል ተሞልቶ ይገኛል፤ ባለፈው ሳምንት ያገኘነውም ቡጢ የሚያህል፣ ውስጡ እንደ ውኃ የጠራ፣ ጫፉ የሾለ ክሪስታል ጥርስ በጥርስ የተደረደረበት ነው። እንዲህ ያለ ውብ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

ችግሩ ከሥር የያዘው ቡናማ ዝገት ነው። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ጭቃው ለቀቀ፤ ዝገቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱን ስባሪ ኮምጣጤ ውስጥ ብዘፈዝፈው ወዲያው አረፋ አወጣ፤ በማግስቱም ጠርዙ ተበልቶ፣ ጥራቱ ጠፍቶ እንደ ወተት ደፍርሶ አገኘሁት። ቢላዋ በቀላሉ ስለሚጭረው ኳርትዝ (ቢላዋ የማይጭረው ጠንካራ ማዕድን) አለመሆኑን፣ ከአረፋውም ካልሳይት (አሲድ የሚበላው ለስላሳ የኖራ ማዕድን) መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ ሎሚም ሆነ ሌላ አሲድ አልሞክርም። ዋናው ድንጋይ እስካሁን ኮምጣጤ አልነካውም።

በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ፣ ካልሳይቱን ሳይበላ ዝገቱን ብቻ የሚያስለቅቅና በከተማችን ገበያ ወይም መድኃኒት ቤት የሚገኝ ነገር ምንድን ነው፣ ለስንት ሰዓትስ ልዘፍዝፈው?