የዕቅድ ውይይት፦ ከፊልም በፊት የምናሳየውን ማሳሰቢያ በራሳችን ስለማሠራት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን ሀዋሳ ባለው አዳራሹ ከፊልም በፊት የሚያሳየው ማሳሰቢያ ይቀየር በሚለው ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። እንዴት ይቀየር በሚለው ግን አልተስማማንም። እዚህ እንጨርሰውና አንድ የጋራ ረቂቅ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቅርብ። የተያዘልን ገንዘብ ከ40,000 ብር አያልፍም። «ጥሩ ነው» ብቻ ልትሉ ያሰባችሁ ባትጽፉም ገብቶኛል።

ትኬት ክፍል፦
እኔ ከበሩ ስለማልርቅ ሰው የሚለውን እሰማለሁ። አሁን የምናሳየው ከኢንተርኔት የወረደ ነው። በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ባልዲ ሙሉ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ከዚያ የስሪ ዲ መነጽራችሁን አድርጉ ይላል። ስሪ ዲ የለንም እኮ! እሁድ ዕለት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ወጥተው «መነጽሩ የሚሰጠው የት ነው?» አሉኝ። ስልካችሁን አጥፉ የሚለውን ደግሞ ማንም አይሰማውም። ፊልሙ ከገባ በኋላ «ሄሎ፣ ሲኒማ ቤት ነኝ» የሚል አይጠፋም።

ኦፕሬተር፦
ድምፁስ? ጣሪያ ይነቅላል። ማሳሰቢያው ሲጀምር እቀንሳለሁ፣ ፊልሙ ሲገባ እጨምራለሁ። ትንሽ ከዘገየሁ የፊልሙ የመጀመሪያ ንግግር ሳይሰማ ያልፋል። የሚሰደበው ደግሞ ኦፕሬተሩ ነው።

ኤዲተር፦
ቀላሉ መንገድ ቴምፕሌት፣ ማለት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቪዲዮ፣ ገዝቶ ስማችንን ማስገባት ነው። ግን ሁለት ችግር አለው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ስለሆነ አማርኛ ስታስገባበት አራት ማዕዘን ሳጥን ይደረድርልሃል። ያንን ሳስተካክል ከማድር ከዜሮ ብሠራው ይሻለኛል።

ካሜራማን፦
ከተማው ውስጥ የሰርግ ስቱዲዮ ሞልቷል። ካሜራም መብራትም አላቸው። ሚስጥሩ ጊዜው ነው። ጥር ላይ ብትጠይቃቸው ስልክም አያነሱም። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ያኔ በዋጋም ይደራደራሉ፣ በጥንቃቄም ይሠራሉ። ለፋሲካ እናደርሰዋለን።

ትኬት ክፍል፦
ወንድሜ፣ ሀዋሳ ውስጥ ነው ያለነው። የጴንጤ ሰርግ በሁዳዴ አይቆምም።

ካሜራማን፦
እሱስ ልክ ነሽ። ቢሆንም ሥራቸው ይቀንሳል። ቅዳሜና እሁድን ትተን በሥራ ቀን እንቅረጽ።

መምህርት፦
ቋንቋውን ሳንነጋገር ስቱዲዮ ውስጥ ባንገባ። አዳራሹ ውስጥ ሲዳምኛ ተናጋሪ አለ፣ አማርኛ ብቻ የሚሰማ አለ፣ ማንበብ ያልጀመረ ልጅም አለ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሁለቱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ብንደረድር ማንም አንብቦ አይጨርስም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ጊዜ ይቀረጽ እንዳትሉ ብቻ። ገንዘቡ አንድ ነው።

ኤዲተር፦
ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ አይቀረጽም። ምስሉ አንዴ ይቀረጽና ጽሑፍም ድምፅም የሌለበት ንጹሕ ኮፒ ይሰጠን። ከዚያ ላዩ ላይ የአማርኛውን ለብቻ፣ የሲዳምኛውን ለብቻ እንጭናለን። ከአሁን በፊት አንድ የቢሮ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ጣጣ ነው። የተሰጣቸው ያለቀው ኮፒ ብቻ ነበር። አንዲት ስልክ ቁጥር ስትቀየር ቪዲዮውን በሙሉ እንደገና አሠሩ።

በዚሁ አንድ ረጅም ቪዲዮ ማሠራቱንም እንተወው። ሁለት ደቂቃ የሚሄድ አንድ ቪዲዮ ሳይሆን አጫጭር፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚቆሙ ይሁኑ። አንዱ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አንዱ ስልክ፣ አንዱ መውጫ በር። አንዱ ሲሰለች ወይም ሲያረጅ እሱን ብቻ እንቀይራለን። ለበዓል ሌላ እንጨምራለን። ለምሳሌ ለፍቼ ጨምበላላ የሚሆን የእንኳን አደረሳችሁ መግቢያ ብንፈልግ ሌላውን ሳንነካ እናስገባለን።

መምህርት፦
እሱ ከሆነ ተስማምቻለሁ። አንድ ትርኢት ላይ ድምፁ ሲዳምኛ፣ ጽሑፉ አማርኛ ይሁን። ቀጣዩ ላይ ይገልበጥ። የሲዳምኛውን ጽሑፍ እኔ አርማለሁ፤ በግምት እንዳይጻፍ።

ትኬት ክፍል፦
ምን ምን ይባል በሚለው ላይ ልጨምር። ስልክ፣ እሺ። ፊልሙን በስልክ መቅረጽ ክልክል መሆኑ ለብቻው ይነገር፤ አምራቾቹ ፊልም የሚሰጡን አምነውን ነው። ማጨስም ይግባ። አዋጅ 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስ ከልክሏል፤ እኛ የፈጠርነው ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፦ ሱፍ! ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላ ከወንበር ሥር የሚጠረገው ቅርፊት ጆንያ ይሞላል። ፈንዲሻ እንኳን ደህና ነው፣ ይለቀማል። የሱፍ ቅርፊት ግን ምንጣፉ ውስጥ ይሰካል። «አትብሉ» ብንል ማን ይሰማናል? «ቅርፊቱን በላስቲኩ መልሱ» እንበል። ላስቲኩን እኔ በር ላይ እሰጣለሁ።

ኦፕሬተር፦
የመብራቱን ነገር ረሳችሁት። መብራት ሲሄድ ስክሪኑም አብሮ ይጠፋል። «ተረጋጉ» የሚለውን ያኔ በምን እናሳየዋለን? ስለዚህ አስቀድሞ መነገር አለበት። «መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ከመቀመጫችሁ አትነሱ፤ ፊልሙ ከቆመበት ይቀጥላል።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ግፊያ ይቀራል። የመውጫውን በር የሚያሳየውም ከዚሁ ቀጥሎ ይምጣ። የራሳችን በር በራሱ ቀለም ተቀርጾ ይታይ እንጂ ከኢንተርኔት የመጣ የአረንጓዴ ሰውዬ ሥዕል አይሁን።

ካሜራማን፦
እኔ ደግሞ በምስሉ ላይ ሐሳብ አለኝ። መግቢያው ላይ ድሮን ከሐይቁ ተነስቶ ወደ አዳራሻችን ሲመጣ...

ሰብሳቢ፦
ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ሲመጣ ፋሲካም አልፏል። ታቦር ተራራ ላይ ቆመህ ቅረጽ፤ ሐይቁም ከተማውም ከዚያ ይታያል።

ካሜራማን፦
እሺ በቃ፣ ታቦር። አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ግን አይቀርም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ቆመው ታውቋቸዋላችሁ። ራሰ በራ፣ ኮስታራ፣ አንገታቸው ሥር ያ ኮዳ ተንጠልጥሎ። አንዱን ለስልኩ ማሳሰቢያ አሰብኩት። አባ ኮዳው ዝም ብሎ ካሜራውን ያያል። ስልክ ይጮኻል። ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ ተመልካቹ ያያል። «ያንተ ነው?» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አለቀ። 12 ሰከንድ።

ትኬት ክፍል፦
ሃሃሃ ይሄ ይሠራል። በግልምጫ የሚገባው ሰው አለ።

ነባር አባል፦
እኔም ደገፍኩ። የሀዋሳ ልጅ ሆኖ አባ ኮዳ የማያውቅ የለም። ሙዚቃው ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። የታወቀ ዘፈን ከስልክ ቆርጦ ማስገባት ቀርቷል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 መሠረት ባለቤት አለው። እዚሁ ክራር የሚመታ ልጅ ፈልገን ከፍለን እናስቀዳ። ሙዚቃውን ማኅበሩ በፈለገው ጊዜና ቦታ እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ወረቀት ይፈርምልን። ድምፁን የሚሰጠውም ሰው እንዲሁ። ዛሬ ወዳጅ ስለሆነ ብላችሁ በቃል እንዳትተዉት።

ገንዘብ ያዥ፦
ስፖንሰርስ? ሁለት ካፌዎች ጠይቀውኛል። ወጪውን ግማሽ ይሸፍኑልን ነበር።

መምህርት፦
ማሳሰቢያው ውስጥ አርማ ከገባ ሰው እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ማውራቱን ይቀጥላል። ከማሳሰቢያዎቹ በፊት ለብቻው ይታይ። ቢራ ደግሞ አይሁን፣ ልጆች አሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሁን። ካፌ እንጂ ቢራ አልጠየቀኝም።

ኤዲተር፦
ከስቱዲዮው ጋር ስንዋዋል የሚጠየቀውን ላስቀምጥ፤ ትንሽ ቴክኒክ ነው፣ ታገሡኝ። ዛሬ የምናጫውተው ከላፕቶፕ ስለሆነ 1920 በ1080 ኤምፒ ፎር ይበቃናል። ነገ የዲጂታል ሲኒማ ፕሮጀክተር ብናገኝ ግን የሚፈልገው ዲሲፒ የሚባለውን የሲኒማ ቤት ፋይል ነው። ያ በጄፔግ 2000 የታመቀ ምስል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ ድምፁ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ነው። የምስሉ ልክ 1998 በ1080 ወይም ለሰፊው 2048 በ858 ይሆናል። ዲሲፒ ኦ ማቲክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይቀይርልናል፤ ለዚህ ገንዘብ አናወጣም። ስለዚህ ከአሁኑ በ24 ፍሬም ይቀረጽ። የሰርግ ቀራጮች 25 ለምደዋል፣ አስረግጠን እንንገራቸው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩ፣ ማለት ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ላይ ይሁን፤ አለዚያ አምፖሉ ምስሉ ላይ ይርገበገባል። ሙዚቃ፣ ንግግርና ሌላው ድምፅ በተለያየ ፋይል ይሰጠን። ያለቀው ፕሮሬስ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው የቪዲዮ ፋይል ይምጣ፤ በቴሌግራም የተላከ ቪዲዮ አልቀበልም።

ፊደሉም ደማቅ ይሁን። ኒያላ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል በወረቀት ያምራል፤ ስክሪን ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ከኋላ ወንበር አይታዩም። ጀርባው ነጭ ከሆነ ደግሞ በጨለማ ዓይን ያጠፋል።

ትኬት ክፍል፦
የመጀመሪያዋ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁዋ ግን ብርሃን ይኑራት። ዘግይቶ የገባ ሰው ወንበሩን የሚያገኘው በሷ ብርሃን ነው። አለዚያ የስልኩን ባትሪ አብርቶ የሰው ፊት ላይ ይዞራል።

ኤዲተር፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ገባ። የታቦሩ የጠዋት ምስል ለዚያ ይሆናል።

ኦፕሬተር፦
ድምፁን በተመለከተ፣ ውጭ አገር ሲኒማ ቤቶች ማስታወቂያን ከ82፣ ትሬለርን ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ የሚለኩበት አሠራር አላቸው። መለኪያውም ጆሮ የሚረብሸውን ድምፅ አብልጦ ይቆጥራል። እኛ መለኪያው የለንም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ፊልም አስገብቼ የሰው ንግግር በደንብ በሚሰማበት ላይ ማስተካከያውን አቆማለሁ። ከዚያ ሳልነካው ማሳሰቢያውን አጫውታለሁ። ከፊልሙ ንግግር ከበለጠ ስቱዲዮው ወስዶ ያስተካክል። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በኋላ ይሁን። አንዴ በባዶ አዳራሽ፣ አንዴ ሰው ባለበት ይሞከር፤ ሰው ሲሞላ ድምፁ ይታፈናል።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁን አዘጋጀሁት፦

«ማኅበሩ ከፊልም በፊት የሚታዩ ስድስት አጫጭር ማሳሰቢያዎችን በሀዋሳ ባለሙያዎች ያሠራል፤ ሁሉም ተደምረው ከ90 ሰከንድ አይበልጡም። ምስሉ አንዴ ተቀርጾ በአማርኛና በሲዳምኛ ይዘጋጃል። ቀረጻው በሁዳዴ፣ በሥራ ቀናት ይሆናል። ስቱዲዮው ያለቀውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፍና ድምፅ የሌለበትን ኮፒ፣ የተለያዩ የድምፅ ፋይሎችን ጨምሮ ያስረክባል። ሙዚቃው አዲስ የተቀዳ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱም በጽሑፍ የተፈረመ ይሆናል። ክፍያው በሦስት ይከፈላል፤ የመጨረሻው የሚለቀቀው በአዳራሹ ውስጥ ከተሞከረ በኋላ ነው። የስፖንሰር አርማ በማሳሰቢያዎቹ ውስጥ አይገባም።»

ስድስቱ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ስልክ፣ አለመቅረጽ፣ ማጨስ፣ የሱፍ ቅርፊት፣ የመብራትና የመውጫ በር።

ነባር አባል፦
ማጨስና ቅርፊት በአንድ ይሁኑ። ስድስት ይበዛል፤ ሰው አምስተኛው ላይ ያዛጋል።

ትኬት ክፍል፦
ቅርፊቴን አትንኩብኝ! ማጨሱን ከመቅረጹ ጋር አዋህዱት፤ ሁለቱም ክልከላ ናቸው።

ሰብሳቢ፦
አምስት ሆነ፣ ቅርፊት ብቻውን ቆመ። የተቃወመ የለም? ካሜራማን ከሦስት ስቱዲዮዎች የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ያምጣ። መምህርት የሲዳምኛውን ጽሑፍ ይላኩ። ጋሼ፣ የቅድሚያ ክፍያው ከ12,000 ብር እንዳይበልጥ ብለው ይጻፉልኝና ለጉባኤው አትሜ አቀርበዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
10,000። ጽፌዋለሁ።