ተዋንያኑ ተመልካቹን እያዩ ቃላቸውን ይወጣሉ፤ የቴአትር ዝግጅትን ከየት ልማር?

ወሎዬው፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ፣ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ የቴአትር ክበብ አለን። እስካሁን ተዋናይ ነበርኩ፤ ዘንድሮ «አንተ አዘጋጅ» ተባልኩ። ተውኔቱ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ውርስ ሲካሰሱ ነው። ልጆቹ ቃላቸውን ጥንቅቅ አድርገው ይዘዋል፤ መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ከላይ ከተንጠለጠለችው ማይክ ሥር ተኮልኩለው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው ይናገራሉ። እየተወንኩ ላሳያቸው? እንቅስቃሴውንስ ቀድሜ ደብተር ላይ ልጻፈው? ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ይህን ሙያ መማር እችላለሁ?

መጋረጃ፦
ወንድሜ፣ ተዋናይ ወደ ተመልካች የሚዞረው አጠገቡ ከቆመው ሰው የሚፈልገው ነገር ሲያጣ ነው። ከመድረኩ አውርዳቸውና ጠረጴዛ ከብባችሁ እንደገና አንብቡ። ታናሽየው ቤቱን ለምን ፈለገው? ሊሸጠው? ትዳር ሊይዝበት? ወይስ አባቱ ታላቁን አብልጠው ይወዱ ነበርና ቤቱን ካገኘ የተወደደ ይመስለዋል? መልሱን አትንገረው፤ ከጽሑፉ ፈልጎ ያምጣው።

ከዚያ ለታላቁ እውነተኛ ቁልፍ ስጠውና ኪሱ ይክተተው። ታናሹን «ተቆጣ» አትበለው፤ «ትዕይንቱ ሳያልቅ ቁልፉን ተቀበለው» በለው። ቁጣ በትእዛዝ አይመጣም። ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑም እግሩም ወንድሙን ይከተላል፤ ሌላኛው ይሸሻል፣ ወንበር መሃላቸው ይገባል፤ እንቅስቃሴ የምንለው እዚያ ነው የሚወለደው። እየተወንክ ካሳየኸው ድምፅህን ይቀዳል፤ ምክንያቱን አያገኝም።

ደብተሩን ጻፍ፣ ግን በእርሳስ ይሁን። ሩሲያዊው አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪ በ1898 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ የጸሐፌ ተውኔቱን የቼኾቭን ተውኔት ሲያዘጋጅ እንቅስቃሴውን፣ ዝምታውን፣ የእንቁራሪቱን ጩኸት ሳይቀር ቀድሞ ጽፎት ነበር። በኋለኛው ዘመኑ ግን ተዋንያኑ ራሳቸው እያደረጉ እንዲያገኙት ወደ መተው አዘነበለ። ለጀማሪ የፊተኛው መንገድ ይሻላል። ማን በየት በር እንደሚገባ ሳያውቁ ልምምድ መጥራት የሰው ጊዜ ማባከን ነው። የመድረክ ቀኝና ግራ ስትጽፍ ደግሞ ወደ ተመልካች ዞሮ ከቆመ ተዋናይ አንጻር ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የተዋናዩ ትንፋሽ እዚያ ካለቀ «ይህን ቤት እኔ ላንተ...» ይልና መስጠቱም መከልከሉም ሳይሰማ ይቀራል፤ ታሪኩ በሙሉ ደግሞ ያለው ግሷ ላይ ነው። ከአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ተቀመጥና ግሷ እስክትደርስህ አስደግማቸው።

ቃል አጥኚ፦
ትምህርቱን በተመለከተ እኔ ልጨምር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለ፤ ከቻልክ ግባ። ታዋቂው ተዋናይና አዘጋጅ ጋሽ ተስፋዬ ገሠሠም አሜሪካ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተምረው የመጡ ናቸው። ነገር ግን ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዘመን የትምህርት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰዉ የሚማረው ልምምድ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አዲስ አበባ ብቅ ስትል አንዱን ቴአትር ደጋግመህ እየው። በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራት ስለሚቆይ ይመቻል። ሁለተኛ ስትገባ የሚናገረውን ተወውና የሚያዳምጠውን ተዋናይ ተመልከት። አዘጋጁ ምን እንደሠራ እዚያ ላይ ይታያል። እስከዚያው ሌላ ክበብ ውስጥ መድረክ አስተባባሪ ሁን፤ ዕቃ፣ ልብስ፣ መብራት፣ የማን መግቢያ መቼ እንደሆነ ሁሉንም ታውቃለህ።

ወሎዬው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ መጋረጃ፣ የቁልፉን ነገር በሚቀጥለው ልምምድ እሞክረዋለሁ። ማይኳንስ ላንሳት? አዳራሹ 200 ሰው ያህል ይይዛል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

መጋረጃ፦
አንሳት። ለ200 ሰው የሰለጠነ ድምፅ ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ ያለ እሷ ይለማመዱ፤ ለትርኢቱ ሳምንት ካቆየኸው እየጮኹ ይተውናሉ። ቆርቆሮ ከሆነ ግን ዝናብ ሲመታው ማንም አይሰማምና ትርኢቱን ከክረምት በፊት ያዘው።