«ቧንቧ ሠራተኞቹ»፦ የሃዋርድ ሃንትን ታሪክ በአማርኛ እንዴት እንጻፈው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሃዋርድ ሃንት አጠር ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የዋተርጌቱ ሰውዬ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባወረደው ቅሌት የታሰረው። ሦስት ቦታ ላይ ተቸግሬያለሁ። አንደኛ፣ እሱ የነበረበትን ቡድን አሜሪካኖች «ቧንቧ ሠራተኞች» ይሉታል። እንዳለ ባስቀምጠው አንባቢ ይገባዋል? ጓደኛዬ አንብቦ «የምን ቧንቧ?» አለኝ። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ምን ልበለው? ሰላይ? ደህንነት? ጆሮ ጠቢ? ሦስተኛ፣ ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ሲሰጠው የነበረውን ገንዘብ «የአፍ ማዘጊያ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልጠቀም።

ጓደኛሽ «የምን ቧንቧ?» ያለው አማርኛው ስለማያገናኝለት ነው። በእኛ ቋንቋ ቧንቧ ያፈሳል፣ ያንጠባጥባል። ሚስጥር ደግሞ ያፈተልካል ወይም ይሾልካል። በእንግሊዝኛው ለሁለቱም የሚያገለግለው አንድ ቃል ነው፣ «ሊክ» (leak)። የቡድኑ ስም የቆመው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ድልድይ ያስፈልግሻል። «አንጠባጠበ» ይሆንልሻል፣ ምክንያቱም ውሃም ወሬም ይንጠባጠባል። እንዲህ በይው፦ «ከኋይት ሐውስ የሚንጠባጠበውን ሚስጥር እንዲደፍኑ የተሰባሰቡ ስለነበሩ ራሳቸውን ‹ቧንቧ ሠራተኞች› አሉ።» አንዴ እንዲህ ካስረዳሽ በኋላ ስሙ ብቻውን መቆም ይችላል።

«ራሳቸውን» የሚለውን እንዳትዘይው። ጋዜጠኛ የለጠፈባቸው ስም አይደለም። ሰኔ 1971 ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ቬትናም ጦርነት የተዘጋጀውን ሚስጥራዊ የመንግሥት ጥናት ማተም ጀመረ። ሰነዱን ያወጣው ዳንኤል ኤልስበርግ ነበር። ኒክሰን ተቆጣ፣ በሐምሌ ቡድኑ ተቋቋመ። ቢሮው ከኋይት ሐውስ አጠገብ ባለው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ክፍል 16 ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ዴቪድ ያንግ በሩ ላይ «ቧንቧ ሠራተኞች» የሚል ጽሑፍ ሰቀለበት።

ግን ስሙን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጊው። መስከረም 3 ቀን 1971 ቤቨርሊ ሂልስ የሚገኘውን የኤልስበርግን የሥነ አእምሮ ሐኪም ቢሮ አሰብረው ሰው አስገቡ። እዚያ የሚደፈን ሚስጥር አልነበረም። የተፈለገው ሰውየውን የሚያዋርድ ፋይል ነው። ከዚህ በኋላ ስሙና ሥራው ተለያይተዋል። ተርጓሚ ስሙን ያለ ጥቅስ ከጻፈው የእነሱን ሽፋን ተቀብሎ ማለፉ ነው። ይሄ ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ሰውየው። «ጆሮ ጠቢ»ን ተይው። ጆሮ ጠቢ ሰፈር ውስጥ ወሬ ለቅሞ ለሹም የሚያደርስ ነው፣ ንቀት አለበት። ሃንት ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቻይና ውስጥ በጊዜው ለነበረው የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ሠርቷል። ሲአይኤ የገባው በ1949 ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሲአይኤ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆነ። በ1954 የጓቲማላውን ፕሬዚዳንት ሃኮቦ አርቤንዝን ለመጣል በተደረገው ዘመቻ ተሳተፈ። ቀጥሎ ኡራጓይ። በ1961 ደግሞ የካስትሮን መንግሥት ለመጣል በተሞከረው በኩባው የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ ዝግጅት የኩባ ስደተኞቹን ፖለቲከኞች የማሰባሰብ ሥራ ተሰጠው፤ «ኤድዋርዶ» ብለው ነበር የሚጠሩት። በዚህ ሁሉ መሀል በብዕር ስም ልቦለዶችን ይጽፍ ነበር።

አየሽ፣ ሥራው መንግሥት መገልበጥና ፖለቲካ ማቀናበር ነበር። «ሰላይ» ቢባል ስህተት አይደለም፣ ግን ይጠብበታል። «ደህንነት» ካልሽ ደግሞ አንባቢሽ የሚያስበው የአገር ውስጡን ነው። እኔ ብሆን «የስለላ መኮንን» እለዋለሁ። ከፊቱ «የቀድሞ» ይግባበት፤ እዚህ ላይ ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ሃንት ከሲአይኤ ጡረታ የወጣው ሚያዝያ 30 ቀን 1970 ነው። ኋይት ሐውስ በአማካሪነት የወሰደው በሐምሌ 1971፣ በኒክሰን ረዳት በቻርልስ ኮልሰን በኩል። ድርጅቱ በዚያ ዓመት ዊግና የሐሰት መታወቂያ አውሶታል፣ ያንን መጻፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን «የቀድሞ» የምትለዋ ከወደቀች፣ አንባቢ ዋተርጌትን ሲአይኤ ያዘዘው ይመስለዋል። ሃንት የዚያን ጊዜ ሥራ የሚቀበለው ከፕሬዚዳንቱ ሰዎች ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ከባዱ ነው። «የአፍ ማዘጊያ» የሚለው ቃል ፍርድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሃንት ራሱ ገንዘቡን የሚያየው እንደ ቀለብ ነበር። በእነሱ ሙያ ልማድ፣ ተልኮ የተያዘ ሰው ቤተሰቡ ይጦራል፣ ጠበቃው ይከፈላል። መጋቢት 21 ቀን 1973 የኋይት ሐውስ የሕግ አማካሪው ጆን ዲን ለኒክሰን የነገረው አኀዝም እንደዚሁ የተከፋፈለ ነው፦ 72,000 ዶላር ለራሱ ወጪ፣ 50,000 ለጠበቃ። እስከዚህ ቀለብ ይመስላል። ግን ዲን ሌላም ነገር ጨምሯል። ገንዘቡ ካልመጣ ሃንት ለኋይት ሐውስ የሠራውን አስነዋሪ ሥራ አውጥቶ ትልልቆቹን ሰዎች እንደሚጥል ዝቷል። በዚያው ምሽት 75,000 ዶላር ለጠበቃው ደረሰ።

ዛቻ የተጨመረበት ገንዘብ ቀለብ አይባልም። በእኔ እምነት «የአፍ ማዘጊያ» ትክክል ነው። የሃንትን አባባል ግን በእሱ አንደበት አስገቢው፣ «የቤተሰቤ ቀለብና የጠበቃዬ ክፍያ ነው ባይ ነበር» ብለሽ። ባለቤቱ ዶሮቲ ታኅሣሥ 8 ቀን 1972 ቺካጎ ላይ በወደቀ አውሮፕላን ስትሞት ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዛ ነበር። አራት ልጆች እናት አልባ ሆኑ። ይሄን ሳትነኪ «አፍ ማዘጊያ» ብቻ ብትዪ ታሪኩ ይጎድላል።

ተጨማሪ አስተያየት፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ጽሑፎች ላይ «የዋተርጌት ዘረፋ» ሲባል አያለሁ። ምን ተዘረፈ? ትክክል ነው ወይ?

መልስ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ «ዘረፋ» አይሆንም። ዘረፋ ንብረት መንጠቅ ነው። ሰዎቹ ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ ውስጥ የነበረው የዴሞክራቶች ፓርቲ ዋና መሥሪያ ቤት የገቡት የድምፅ መጥለፊያ ለመትከልና ሰነድ ፎቶ ለማንሳት ነው። በግንቦት ገብተው ተክለዋል፤ በአግባቡ ያልሠራውን ለማስተካከል ሲመለሱ ሰኔ 17 ቀን 1972 ተያዙ። የጥበቃ ሠራተኛው ፍራንክ ዊልስ በር ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አይቶ ፖሊስ ጠራ። ሃንት ከ«ቧንቧ ሠራተኞች» ባልደረባው ከጎርደን ሊዲ ጋር እዚያው ግቢ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሆኖ ይመራ ነበር። ከተያዙት ኪስና ክፍል በተገኘ የአድራሻ ማስታወሻ ላይ የሃንት ስም ከኋይት ሐውስ ጋር ተጽፎ ተገኘ።

«ሰብሮ መግባት» በሉት። የፍርድ ቤቱም ክስ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሃንት በጥር 1973 ጥፋተኛ ነኝ ያለው በማሴር፣ ሰብሮ በመግባትና በድምፅ ጠለፋ ነው፤ 33 ወር ታስሯል። እህቴ፣ የክሶቹን ስሞች በዚሁ ቅደም ተከተል ብታስገቢያቸው «ቅሌት» የሚለውን ቃል በየአንቀጹ መደጋገም አያስፈልግሽም።